የአክስቴ ሟች

አሳማው የታረደው በባለሉካንዳው እጅ ነው፤ የበሰበሰው ግን በአክስቴ ጓሮ።

የፎረንሲክ ሕክምና ተማሪ ነኝ። ሰው ከሞተ ምን ያህል እንደቆየ ሬሳው ላይ የሚፈሉት የዝንብ ትሎች በዕድሜያቸው ይናገራሉ፤ የመመረቂያ ጥናቴም ይኸው ነበር። ለጥናት ጓሮ ውስጥ የሚበሰብስልኝ ሰው ስለሌለ አሳማ ገዛሁ፤ ገላው ከሰው ገላ ጋር ይቀራረባል። ልብስ ሰፊዋ አክስቴ ጓሮዋን ፈቀደችልኝ፤ እሷም አፍንጫዋን በጨርቅ ቁራጭ አስራ ሥራዋን ቀጠለች።

አማካሪዬ ትሎቹን በዓይናቸው አይተው ካልፈረሙልኝ ዘንድሮ መመረቅ የለም። ሊመጡ በተቀጠረው ቀን አክስቴን እንግዳ እንደሚመጣ ነግሬ፣ ትሎቼን እንዳትነካ አደራ ብዬ፣ ልቀበላቸው ወጣሁ። አክስቴ «እንግዳ» የሚል ቃል ከሰማች በኋላ ሌላ አትሰማም።

ስንመለስ ጓሮው በረኪና በረኪና ይሸታል። አሳማው ታጥቦ፣ ዓይኖቹ ተከድነው፣ መንጋጋው በሰማያዊ ጥብጣብ ታስሮ፣ እስከ አገጩ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተጋድሟል። ትል ለመድኃኒት ቢፈለግ የለም። ለቅሶ የደረሰች አንዲት ዝንብ ብቻ ግድግዳው ላይ ተቀምጣለች።

«ምን አደረግሽው?» አልኳት።

«አፉን ከፍቶ እንግዳ ይቀበል? ዘመድ የለውም እንዴ ይሉናል።»

አማካሪዬ ጎንበስ ብለው ጥብጣቡን አዩ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ፖሊስ ከሚያመጣላቸው ሬሳ ስንቱን ቤተሰቡ አስቀድሞ እያጠበና እያሰናዳ የሞተበትን ጊዜ እንደሚያጠፋባቸው ነገሩኝ። ጥናቱን ቀይሪው አሉ፤ ሁለት አሳማ፣ አንዱ እንደወደቀ ይተው፣ ሌላውን አክስትሽ ይጠቡት። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ካደረስሽ እፈርማለሁ።

አክስቴ ግን እንቢ አለች።

«የማላውቀውን ሬሳ አላጥብም፣ ዶክተር። ይሄኛው መስኮቴ ሥር ሰንብቶ ተላምደን ነው።»

ለምኜ ለምኜ በመጨረሻ ተስማማን፤ የምታጥበው አሳማ በሕይወቱ ይመጣል፣ ትንሽ ይተዋወቁና ወደ ባለሉካንዳው ይሄዳል።

ያ የወደፊት ሟች አሁን የልብስ ስፌት መኪናዋ ሥር ይተኛል። «ጌታው» ትለዋለች። ሴሚስተሩ እያለቀ ነው፣ እሱ እየወፈረ ነው። ትናንት ራት ላይ የባለሉካንዳውን ነገር ላነሳ አፌን ስከፍት፣ አክስቴ ከመሳቢያዋ ሰማያዊውን ጥብጣብ አውጥታ ሳህኔ አጠገብ አስቀመጠች።