የጨው ገንዳዋ ጠባቂ

ታናሽ እህቷ አለቃ ሆና በተሾመች ቀን እመት ጨው እንኳን ደስ አለሽ አላለቻትም። ለምን ትበል? በፍሳሽ ማጣሪያው ጨው ስታማስል የኖረችው እሷ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ትናንት ራሷ ለምና ያስቀጠረቻት ልጅ! "እመት ጨው" ያሏት ሠራተኞቹ ናቸው፤ የጨዉን ገንዳ ስለምትጠብቅ፣ ፊቷም ስለማይፈታ።

ሥራው ለሰሚው ቀላል ነው። በአንድ ወገን የከተማው እድፋም ውሃ፣ በሌላው ወገን ብርቱ የጨው ውሃ፣ በመካከላቸው ሜምብሬን የሚሉት ስስ ገለፈት። ጨዉ ውሃውን ብቻ ወደ ራሱ ይስባል፤ እድፉ ባለበት ይቀራል። ኋላ ጨዉ ይለይና ንጹሁ ውሃ ወደ ሰፈሩ ይሄዳል። ገለፈቱ ከተበላሸ ግን ሁሉም ነገር አበቃ።

በዚያ ሰሞን ሜምብሬኑ በአዲስ ዓይነት ተቀየረ። ሻጮቹ ስልጠና ሲሰጡ የተላከችው እመት ጨው ብቻ ነበረች። "አሮጌው ክሎሪን ይችል ነበር፤ ይሄኛውን ግን ያቃጥለዋል" ብለው ደጋግመው ነገሯት። ተመልሳ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ማን ጠየቃት?

አንድ ጠዋት ታናሽየዋ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጮኸችባት።

"እትዬ፣ ጨውሽ ቀጥኗል! ቆመሽ ነው እንዴ የምትተኚው?"

ሰዉ ሳቀ። የእመት ጨው ደም ፈላ። ከሰዓት በኋላ አዲሱ ሜምብሬን ጭቅቅት ለብሶ ውሃ አላሳልፍ ሲል፣ ያችው አለቃ እየተጣደፈች ወደ ገንዳው መጣች።

"እትዬ፣ እንደ አሮጌው በክሎሪን ልጠበው?"

"አለቃዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ? እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ!"

"በደህና አፍ ብትመልሺልኝ ምን ነበረበት?"

"ሂጂ ከፊቴ!"

ሄደች። ክሎሪኑም ገባ። እመት ጨው እጇን አጣጥፋ ቆማ አየች፤ እውነት እንነጋገር ከተባለ ደስ አላት።

ብዙም ሳይቆይ እድፉ ወደ ጨዉ፣ ጨዉም ወደ እድፉ ይገባ ጀመር። ለሰፈሩ የሚሄደው ውሃ ተዘጋ። ሥራ አስኪያጁ እየጮኸ ደረሰ።

"ማነው በክሎሪን ያጠበው?"

"እኔ ነኝ" አለች ታናሽየዋ። "ግን እትዬን ጠይቄያት ነበር። የሰለጠነችው እሷ ናት፤ ጉዳት ቢኖረው ትነግረኝ ነበር። ብንጣላም እህቴ ናት።"

ሥራ አስኪያጁ ወደ እመት ጨው ዞረ። "ስለ ክሎሪን ተነግሮሽ ነበር?"

ደብቄ ነው ብትል የምትባረረው እሷ ናት።

"ተነግሮኛል። ለእሷም ነግሬያታለሁ፤ አልሰማ ያለችው ራሷ ናት።"

ታናሽየዋ እህቷን ብቻ ትክ ብላ አየቻት። የዚያኑ ዕለት ተባረረች፤ ሹመቱም ለእመት ጨው ሆነ። ቁልፎቹን ታናሽየዋ ራሷ አምጥታ እጇ ላይ አኖረችላት።

"ይኸው ቁልፍሽ፣ አለቃ።"

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙም "አለቃ" ብቻ ነው የምትላት። እመት ጨው ደግሞ "እትዬ" የሚላት ሌላ ሰው የላትም።