የዓናያ የራሱ ቃል

በይሁዳ ኮረብታ የፊተኛው ዝናብ፣ የዘር ጊዜው፣ አንድ ቀን ጥሎ ጠፋ። ለገበሬው ለሐሹብ የቀረው አንድ አቁማዳ ገብስ ነው። ዘርቶት ሰማዩ ከጨከነ ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ፤ ሳይዘራው ዝናቡ ከተመለሰ ደግሞ ለከርሞ የሚያጭደው የለም።

ባለ ራእዩን ዓናያን ከከተማይቱ በር አገኘውና “ልዝራ ወይስ ልተው?” ብሎ ጠየቀው። ሽማግሌው የሐሹብን የከሳ ፊት አየ። ወዲያውም፣ “ዝራ ልጄ፤ እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ነው” አለው።

በማግስቱ ሐሹብ ዘሩን ሊበትን እጁን ከአቁማዳው እንዳስገባ ዓናያ እያለከለከ ቁልቁለቱን ወረደ።

“ቆይ! እንዳትበትነው!”

“ምነው አባቴ?”

“ትናንት የነገርሁህ የእኔ ቃል ነው። አሳዘንኸኝና ከልቤ አውጥቼ ሰጠሁህ። እግዚአብሔርን አልጠየቅሁም ነበር።”

“አሁንስ ጠየቁት?”

“ጠየቅሁት።”

“ምን አለ?”

“ዝም አለኝ።”

የድንበር ጎረቤቱ ጌራ ሞፈሩን ተደግፎ ሳቀ። “ይህን ሁሉ ቁልቁለት የወረዱት አላውቅም ለማለት ነው? እግዚአብሔር ያላለውን በስሙ የተናገረ ምን እንደሚደረግ ሕጉን ያውቁታል። ድንጋይ እንደሆነ እኔ እርሻ ላይ ሞልቷል!”

ዓናያ አልተቆጣም። “አውቀዋለሁ። ስሙን ጠርቻለሁ። ከዚህ በከተማይቱ በር ወደሚፈርዱት ሽማግሌዎች ሄጄ ይህንኑ እናገራለሁ። በፊት ግን ዘሩ ሳይበተን መድረስ ነበረብኝ።”

ሐሹብ እጁን ከአቁማዳው አውጥቶ ሽማግሌውን አየው። ዝናቡ ቢመጣ ከበሬታው የዓናያ ነበር። ቢቀርም “ኃጢአትህ ከለከለው” ማለት ይበቃው ነበር፤ እንዲያ የሚሉ ነቢያት ሞልተዋል። ማንም አይጠይቀውም ነበር። እሱ ግን በዚያ የሽምግልና ጉልበቱ ወርዶ መጣ።

“እሺ፣ እንደ ሰው ቢጠየቁስ?” አለው ሐሹብ።

“እንደ ሰው ከሆነማ ጌራን ጠይቀው። እኔ ሞፈር ጨብጬ አላውቅም።”

ጌራ ሳቁን ዋጠ። ዝናብ በሚመጣበት በባሕሩ በኩል ሰማዩን አየት አደረገ። “እኔ ብሆን… ግማሹን እዘራለሁ” አለ።

ሐሹብ ግማሹን በትኖ አረሰበት። ዓናያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ከዚያ ሐሹብ የአቁማዳውን አፍ አሰረና እንዲደገፈው ትከሻውን ለሽማግሌው ሰጠ።

“ወዴት ነው?” አለ ጌራ።

“ወደ በሩ። ብቻቸውን አይቆሙም።”

“ጉድ እኮ ነው! ዘርህን ሊያስጨርስህ የነበረን ሰው?”

“አዎ” አለ ሐሹብ። “ከእንግዲህ እኚህ ሰው ‘እግዚአብሔር እንዲህ አለ’ ካሉኝ ሁለተኛ አልጠይቅም።”

ሁለቱም ዳገቱን ያዙ።