ራዶይ በራዲዮ የሰማው

የውድድሩ ዋና ሕግ አፍን መዝጋት ነበር። በቡልጋሪያዋ ሩሴ ከተማ በየዓመቱ ለጀማሪ የሙዚቃ ደራሲዎች የሚዘጋጀው ይህ ውድድር የሰው ስም አይቀበልም። ኖታህን ስትልክ ስምህን ትደብቅና ሌላ ስም ትለጥፍበታለህ። አንዱ «የጠዋት ጭጋግ» ይላል፣ ሌላው «ስብራት» ይላል፣ ሁሉም ልብ ለማድማት ይሞክራል። ዞርኒጻ «ቀይ ሽንኩርት» አለች። ሽልማቱ እስኪነገር ድረስ ሥራው የእኔ ነው ብሎ በቃልም ሆነ በፊቱ ያሳወቀ ሰው ይባረራል።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ዳኞች ፊት ልምምዱ ሲደረግ፣ ተወዳዳሪዎቹ አዳራሹ ውስጥ ተበታትነው፣ ካርታ እንደሚጫወት ሰው ፊታቸውን አድርቀው ተቀምጠዋል። መድረኩ ላይ ሁለት ባለ ቫዮሊን፣ አንዲት ባለ ቪዮላና አንድ ባለ ቼሎ ባለቤቱን የማያውቁትን ኖታ ያገላብጣሉ።

«ቀጥሎ ቀይ ሽንኩርት!» አለ ባለ ቼሎው ያቮር። የቡድኑ አለቃ እሱ ነው። «ማነው ደግሞ የራበው?»

አዳራሹ ሳቀ። ዞርኒጻም ሳቀች፤ ካልሳቀች ይታወቅባታላ።

አጠገቧ ያለችው ኤቭዶኪያ፣ ጓደኛዋም ተፎካካሪዋም፣ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «አንቺ ነሽ እንዴ? ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸቻለሽ።»

«ባኒጻ ቂጣ በልቼ ነው፤ ሽንኩርት ነበረበት» አለች ዞርኒጻ ዓይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል።

ሥራው ስለ አባቷ ነበር። ራዶይ በሎም ከተማ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ሠርግ ላይ ክላርኔት ሲነፋ ያረጀ ሰው ነው። እዚያ አካባቢ እሱ ነፍቶለት ያላገባ የለም፤ አንዳንዱንማ ሁለቴ ድሮታል። አሁን ሳንባው አልቆ፣ አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተለጥፎ፣ ከፋሲካ ወዲህ ከአልጋ አልወረደም። ሲያሸልበው ትንፋሹ ቀጥ ይላል። ቤቱም አብሮት ቀጥ ይላል። እናቷ ፔንካ ማንኪያዋን አየር ላይ እንደያዘች ትጠብቃለች። ከዚያ፣ ሰው ተስፋ ሊቆርጥ ሲል፣ ያ ትንፋሽ እንደ ዛገ በር እየተንቋቋ ይመለሳል። ፔንካም ማንኪያዋን ወደ ድስቷ ትመልሳለች።

ዞርኒጻ የጻፈችው ይኼንኑ ነው። አራቱ መሣሪያዎች ይተነፍሳሉ፣ ይከብዳቸዋል፣ ይቆማሉ። ግማሽ ደቂቃ ሙሉ ደጋኖቻቸውን ከገመዱ በላይ አንሥተው ዝም ይላሉ። ከዚያ ቪዮላዋ ብቻዋን ትመለሳለች። ሥራው ሁሉ ለዚያች መመለስ የተጻፈ ነው፤ አባቷ እንዲሰማ የፈለገችው እሷን ነው። ሁሌ እንደምንጠብቅህ እወቅ ለማለት ነው። በአፏ ልትነግረው ሞክራ ነበር። «ምን ትለፈልፊያለሽ፣ ውኃ አምጪ» አላት። በኮምፒውተር ልታሰማው ብትሞክር ደግሞ ገና ከመጀመሩ እጁን አወናጨፈ። «አጥፊው! የጥርስ ሐኪም ቤት ነው። ሰው ሲጫወተው እሰማዋለሁ። ለመሆኑ ሰው የሚጨፍርበት ነገር መቼ ነው የምትጽፊው?»

ሰው የሚጫወትለት ደግሞ ካሸነፈች ብቻ ነበር። ያሸነፈው ሥራ እሑድ ከሰዓት በራዲዮ በቀጥታ ይተላለፋል፤ የራዶይ ራዲዮ ትራሱ ሥር ናት። ለከርሞ ይደርሳል ያለ ሐኪም አልነበረም።

ተጫዋቾቹ ጀመሩ፤ ደህና አድርገው ሄዱ። ዝምታው ላይ ሲደርሱ ያቮር ደጋኑን አወረደ።

«ይሄ ምንድነው? ግማሽ ደቂቃ ባዶ? ሰውየው እየጻፈ ስልክ ተደውሎለት ነው መሰለኝ።»

«ሽንት ቤት ሄዶ ይሆናላ» አለች ባለ ቪዮላዋ።

«በሉ አንድ ትንፋሽ አድርገን እንለፈው። ሰው እንዳያንቀላፋብን።»

ዞርኒጻ ምላሷን ነከሰች። ተነሥታ «አትንኩት!» ብትል አለቀላት፤ ኖታውም ወደ ቤት፣ እሷም ወደ ቤት። ኤቭዶኪያ በጎን ታያታለች። ዝምታዋን ሲቆርጡባት ዝም ብላ አየች። እነሱ በተጫወቱት ላይ ራዶይ ትንሽ ጉንፋን ይዞት የዳነ መሰለ።

ማታውን ዳኞቹ «ቀይ ሽንኩርት አንደኛ» ሲሉ ዞርኒጻ ብድግ አለች። ኤቭዶኪያ አቅፋ ሳመቻት፤ እግረ መንገዷንም ክንዷን ቆነጠጠቻት። «ባኒጻ ነው አልሽ አይደል? ውሸታም!»

እሑድ ዞርኒጻ ያቮርን ከመድረኩ ጀርባ ያዘችው።

«ዝምታዬን መልሱ። ግማሽ ደቂቃ ሙሉ። ካጎደላችሁ ኖታዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ።»

«እንዴ! ትናንት እንደ ድመት ተኮራምተሽ ቁጭ ብለሽ አልነበር?»

«ትናንት ሕጉ አፌን ይዞት ነበር። አባቴ ነው የሚያዳምጠው፣ ያቮር። ሌላ ጊዜ የለውም።»

ያቮር ፊቷን አየና ቀልዱን ዋጠ። «እሺ። ሙሉውን ዝም እንልልሻለን።»

እሱ ሲሄድ የራዲዮው ሰውዬ ስቶይኮ ኬብል እየጎተተ መጣ፤ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። «የኔ ልጅ፣ ሥራሽ ውስጥ ድምፅ ለረጅም ጊዜ የሚጠፋበት ቦታ አለ?»

ይኸው ሁለተኛው መቀስ መጣ! አለ ብትለው አሳጥሪው ሊላት ነው።

«የለም፣ አጎቴ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ።»

«ጎሽ» አለና ኬብሉን እየጎተተ ሄደ። ለምን እንደጠየቀ አልነገራት። እሷም አልጠየቀችውም፤ እንዳይጠራጠር ፈርታ።

ሥራው ተጀመረ። መሣሪያዎቹ ተነፈሱ፣ ከበዳቸው፣ ቆሙ። አራት ደጋን አየር ላይ ቀረ። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል እንኳ ጠፋ። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ከረሜላቸውን በግማሽ እንደፈቱት ቀጥ አሉ። ከዚያ ቪዮላዋ ብቻዋን እየተንቋቋች ተመለሰች። ዞርኒጻ በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠረገች። ሰምቶታል። በቃ፣ ሰምቶታል።

ጭብጨባው ሳያልቅ ስቶይኮ ቲማቲም መስሎ መጣ።

«የለም አላልሽኝም?»

«ምኑ?»

«ጣቢያው ውስጥ ማሽን አለ! ድምፅ ሲጠፋበት መስመር የተበጠሰ ይመስለውና በራሱ ዘፈን ይለቃል። ብትነግሪኝ እኮ ቀድሜ አስጠፋው ነበር። አንዲት ቁልፍ ናት!»

«ምን ለቀቀ?»

«ምን ይለቃል፣ የሠርግ ጭፈራ ነዋ! ክላርኔትና ከበሮ። እኛ መልሰን እስክንገባ ያንቺ አልቋል።»

ቤት ደወለች። እናቷ «ቆይ ቆይ፣ እሱ ካልሰጠሽኝ እያለ ነው» ብላ ስልኩን አቀበለችው። በመጀመሪያ የመጣው የቱቦው ፉጨት ነበር።

«አንቺ… ሰይጣን» አለ ራዶይ። በየቃሉ መሐል ያርፋል። «መጀመሪያው… ያው የጥርስ ሐኪም ቤት ነው። ከዚያ ጭጭ። አበቃ ስል… ክላርኔቱ! ሙሽራ ሲወጣ… የምነፋው! ደብቀሽ… ለእኔ ያስገባሽው!»

ዞርኒጻ አፏን ከፈተች። ያንን እኔ አልጻፍኩትም፣ የኔን ቆርጠውብኛል፣ የኔ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ይህ ሁሉ ምላሷ ላይ ነበር።

«ወደድከው?» አለች።

«እግሬ ቢታዘዝ… እነሣ ነበር። ብርድ ልብሱን… በጣቴ ስመታው… እናትሽ ታያለች። ሰው ሆንሽ፣ ልጄ።»

«ነገ መጥቼ ሙሉውን አሰማሃለሁ።»

«ሰማሁት እኮ» አለ ራዶይ፣ እንደ ተከፋ ልጅ።

በማግስቱ ከአውቶቡስ ስትወርድ ጎረቤቶች በሩ ላይ ቆመዋል። ፔንካ ወጥ ቤት በር ላይ፣ ጥቁር ሻርፕ አስራ፣ እንባ እንኳ ሳይወጣት ነገረቻት። «ትናንት አመሻሹ ላይ፣ እንደ ወትሮው ቀጥ አለ። እኔም እንደ ወትሮው ጠበቅኩት። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩት።»

ቀብሩ ላይ የድሮ ባንዱ መጣ፤ ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ ከበሮ። ቄሱ ሲጨርሱ ያንኑ የሙሽራ መውጫ ዜማ በቀስታ ጀመሩለት። ፔንካ ጎረቤቶቹን በክርኗ እየነካች «ልጄ በራዲዮ የተሸለመችበት ነው፤ ለአባቷ ብላ ነው ያስገባችው» ትላለች። አንዱ ሽማግሌ ዞርኒጻን እጇን ጨብጦ «እንዲህ ዓይነቱን ጻፊ፣ እንዲህ ዓይነቱን!» አላት። «እሺ» አለች። ምን ትበል? የእኔ አይደለም ብትል የምትቀማው ማንን ነው?

«የቱ ጋ ነበር ያስገባሽው?» አለች እናቷ በሹክሹክታ። «ከዝምታው በኋላ አይደል?»

«አዎ፣ እማ። ከዝምታው በኋላ።»

ክላርኔት የሚነፋው የራዶይ እኩያ ነው። ዜማው መሐል ላይ ትንፋሽ አጠረውና አፉን ከመሣሪያው አነሣ። ከበሮውም ቆመ። ፔንካ ቀኝ እጇን፣ ማንኪያ የያዘች ይመስል፣ አየር ላይ ከፍ አድርጋ ጠበቀች።