ቁጥሩ ከወረደ በኋላ

የመኪና መንዳት አስተማሪው ልቡን ታሞ፣ የተዘጋ የደም ስሩን በቀጭን ቱቦ ከፍተውለት ነው ከሆስፒታል የወጣው። ከዚያ ወዲህ ቅባት ቀነሰ፣ የኮሌስትሮል ክኒንም ይወስድ ጀመር። ከወራት በኋላ ሲመረመር ቁጥሩ በግማሽ ወርዶ አገኘው።

«አለፍኩ!» አላት ሚስቱን።

«እሰይ! ሐኪሟ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ክኒኑን ቀጥል አለች። ሐኪም መቼ በቃህ ይላል?»

ክኒኑን ያቆመው በዚያው ሳምንት ነው። ክኒኑን ከጀመረ ወዲህ ጭኑን ይቆረጥመው ስለነበር ሰበብም አላጣም። ሚስቱ ስትጠይቀው «ወስጃለሁ» ይላታል፤ ውሸት ስለማይችልበት ፊቱን ዞር አድርጎ።

አንድ ቀን ጠዋት ተማሪው እትዬ የሚላቸው አንዲት ሴት ነበሩ። እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሟች ባላቸው ትተውት የሄዱት መኪና ግቢ ውስጥ ከሚበሰብስ ብለው መንዳት የጀመሩ። አደባባይ ሲያዩ ፍሬን ይረግጣሉ።

«እትዬ፣ መሪውን አንገቱን አይነቁት እንጂ፤ ዶሮ አይደለም» ብሎ አሳቃቸው።

አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ግን መመሪያ መስጠቱን ተወ። እትዬ መኪናውን አቁመው ዞር ብለው ቢያዩት ላብ አጥምቆታል።

«ምነው መምህር?»

«ደረቴን... ጨምድዶ ያዘኝ።»

ሆስፒታሉ ከአደባባዩ ማዶ ይታያል። እትዬ ማርሽ አስገቡ።

«ቀስ... መስታወት ይዩ...»

«አሁን አታስተምረኝ ልጄ! ተንፍስ ብቻ!»

ጡሩምባውን አንዴ ተጭነው አለቀቁትም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በመስኮት ወጥቶ ሰደባቸው፤ እሳቸውም መለሱለት። ከድንገተኛ ክፍል በር ሲደርሱ አንዱ ጎማ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር።

ደም ስሩ ሌላ ቦታ ተዘግቶ ኖሮ እንደገና ከፈቱለት። በማግስቱ ሐኪሟ አልጋው አጠገብ ቆማ፣ ክኒኑን ይወስድ እንደሆነ ጠየቀችው። ሚስቱ እዚያው ነበረች።

«አቁሜዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ቁጥሩ ወርዶ የለ እንዴ?»

«ያወረደውማ ክኒኑ ነው። ስታቆም ተመልሶ ወጥቷል። ደግሞ አንዴ ልቡን የታመመ ሰው ኮሌስትሮሉ ከሌላው ሰው ይበልጥ ዝቅ ማለት አለበት። ለጎረቤትህ የሚበቃው ላንተ አይበቃም።»

«ብወስደው ኖሮ ይህ አይደርስብኝም ነበር?»

«እሱን አልምልልህም። የማምለጥ ዕድልህን ግን አጥብበኸዋል።»

«ጭኔን ያመኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ? መጠኑን መቀነስም፣ በሌላ ዓይነት መቀየርም ይቻላል።»

 ከሆስፒታል ወጥቶ እቤት ሲገቡ ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«በየቀኑ ወስጃለሁ ስትለኝ፣ አምኜህ እንቅልፌን እተኛ ነበር» አለች።

 አጠገቧ ተቀምጦ፣ ለራሱም አውጥቶ የማያውቀውን ነገራት። ክኒኑን ባነሳ ቁጥር «አንተ በሽተኛ» የሚለው ይመስለው ነበር። ቁጥሩ ሲወርድ የድሮው ሰውዬ የሆነ መሰለው፤ ያንን ሰውዬ ደግሞ በጣም ናፍቆት ነበር።

«እኔም ናፍቆኛል» አለች። «የሌለውን ከምጠብቅ ግን ያለውን ባቆይ ይሻለኛል።»

በሌላ ዓይነት ክኒን ቀየሩለት፤ የጭኑ ሕመምም ተወው። ለክትትል ምርመራ የሚሄድበት ቀን ሲደርስ ሚስቱ ቀድማው ለብሳ አገኛት።

«ልትሸኚኝ ነው?»

«ልመረመር ነው። እስከዛሬ ያንተን ስቆጥር የራሴን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።»

ላቦራቶሪው አግዳሚ ላይ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ጎን ለጎን ተቀመጡ። መርፌ የምትፈራው እሷ ነበረችና፣ ስሟ ሲጠራ እጁን ጨብጣ አስነሳችው።