በውሸት የተፈጠረው ሰዓት ሠሪ

ፖሊስ መምሪያው ውስጥ «ጋሼ ቁልፍ መጣ» ሲባል የማይደነግጥ አልነበረም። ሥራው ሚስጥር ማስጠበቅ ነው። ከምሳ በኋላ በየቢሮው እየዞረ መሳቢያ ይስባል፤ ሳይቆለፍ ያገኘው ላይ ቀይ ወረቀት ይለጥፋል። የአለቃውንም አይምር። ጉንዳን እንኳ መታወቂያ ሳታሳይ በእሱ ኮሪደር አታልፍም ይባላል፤ አንዷ ሞክራ ተመልሳለች።

ለአዲስ ገቢዎች የሚያስተምራት ዘዴም ነበረችው። «ሰው ስለ ሥራችሁ ሲጠይቅ ዝም ካላችሁት ይጠረጥራል። ውሸት ፈጥራችሁ አጉርሱት፤ ጠግቦ ይሄዳል።»

እሁድ ዕለት ሾፌር የሆነው የሚስቱ ወንድም ቤቱ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ያንን መሣሪያ የጫነ መኪና እንዴት ያዛችሁት?» ሲለው እንደ ልማዱ አጎረሰው።

«አንድ ዓይና ሰዓት ሠሪ አለን። የወሮበሎቹን ሰዓት ሲጠግን ውስጡ ጆሮ ይተክላል። ከሰሊጥ ታንሳለች። አንድ ቀንማ አስነጥሳ ልታስይዘው ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አማቹ ስቆ ስቆ ሲያበቃ፣ «የትኛው ዓይኑ ነው የጠፋው?» አለ።

«ግራው» አለ ጋሼ ቁልፍ። ውሸት ካልተሟላ አይጥምማ።

ሰኞ ጠዋት ያችኑ ወሬ ለአዲስ ገቢዎቹ ምሳሌ አድርጎ ሲያወራ የምርመራ ኃላፊዋ በበሩ ስታልፍ ሰማችው። ክንዱን ይዛ ቢሮዋ አስገባችውና በሩን ዘጋች።

«ስለ ሰዓት ሠሪው ማን ነገረህ?»

«ማንም። ፈጠርኩት እኮ» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ፊቷ አመድ መስሏል። «ግራ ዓይኑንም ፈጠርከው?»

የፈጠረው ሰዓት ሠሪ ለካ በእውን አለ። የመረጃ ሰጪዎቹን ማንነት የያዘውን ካዝና መቆለፉን በየቀኑ ይፈትሻል እንጂ ውስጡን አይቶ አያውቅም።

«ልጆቼን፣ ካዝናውን አልነካሁም።»

«ማን ያምንሃል? ሌላ ለማን አወራኸው?»

«ለቤተሰብ ብቻ።»

«ቤተሰብህ ስንት አፍ አለው?»

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እመቤቴ፣ ሰዓትዎ ተሠርቷል» አለ አንድ ሽማግሌ። ከኋላው ብዙ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል።

ኃላፊዋ የስልኩን አፍ በመዳፏ ሸፈነች። «ችግር ሲገጥመው እንዲህ ነው የሚለው» አለች።

«አሁን ግን እንግዳ አለብኝ» አለ ሽማግሌው ቀጥሎ፣ «ያልተበላሸ ሰዓት ይዞ መጥቶ ክፈትልኝ ይላል።»

እንግዳው ሳቀ። ጋሼ ቁልፍ ያንን ሳቅ ያውቀዋል። ትናንት ቤቱን ያፈረሰው እሱ ነው።

«ታውቀዋለህ?» አለች መዳፏን ከስልኩ ሳታነሣ፣ ፊቱን አይታ።

ሚስቱ ድቅን አለችበት። ቢናገር ወንድሟን አሳልፎ ሰጠ፤ ዝም ቢል ሽማግሌው አለቀለት።

«የሚስቴ ወንድም ነው።»

«ስልኩ ከተዘጋ ይጠረጥራል። እስክንደርስ ትንፍሽ እንዳትል» ብላ እየሮጠች ወጣች።

ብቻውን ቀረ። በስልኩ ውስጥ የሱቁ የቆርቆሮ በር ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ተሰማው።

«አባባ» አለ አማቹ በዚያ ለስላሳ አንደበቱ፣ «አንድ ዘመዴ ስለ እርስዎ ሲያወራ በሳቅ ገደለን። ይቀመጡ እስቲ፤ እርስዎም ያጫውቱኝ።»

«ስለ ምን ልጄ?» አለ ሽማግሌው።

ጋሼ ቁልፍ መዳፉን እስኪደማ ነክሶ ትንፋሹን ዋጠ።