በሕይወት ያለ ሰው ጥራ

መሪጌታ ፈንቴ ያን ዕለት ምሽት ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋደም ሲሉ ከንዴታቸው የተነሣ እራት እንኳ አልቀመሱም ነበር። ለጥንታዊቱ የግብፅ ከተማ ለእስክንድርያና ለሕዝብዋ የተያዘው የሰባት ቀን ምህላ አምስተኛ ቀኑን ቢይዝም፣ ምእመኑ ገሚሱ ያዛጋል፤ ገሚሱ ስለ ዝናቡ ያወራል። ይህ አነሰና ትብለጥ የምትባል መበለት ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብላ፣ «መሪጌታ፣ ልጄ እዚያው እስክንድርያ ሰው ቤት ተቀጥራለች፤ ድምጿን ከሰማሁ አራት ወር ሆነኝ፤ እባክዎ በምህላው ያስቡልኝ» ብላ አቋረጠቻቸው።

«አንቺ ሴትዮ፣ የምንጸልየው ለከተማይቱ ነው! የግል ጉዳይሽን እሑድ አምጪው» ብለው አስቀመጧት። «እንዲህ ባለ ሕዝብ መካከል ጸሎት እንዴት ይሰማል?» እያሉ ሲያጉረመርሙ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

በሕልማቸውም የዓሣ ቅርጫት የተሸከመ ሽማግሌ መጥቶ፣ «ተነሣ፤ የምትጸልይላትን ከተማ ላሳይህ» አላቸው። አንተ መባላቸው ቢቆረቁራቸውም ተከተሉት።

ከጥንቷ ከተማ የቀረ ፍርስራሽ አያለሁ ብለው ሲጠብቁ፣ እነሆ፣ በባሕር ዳር የተዘረጋች፣ አደባባይዋ የተጠረገ፣ ሕዝብዋ የማይገፋፋ ከተማ ተገለጠችላቸው። ጎረቤት የጎረቤቱን በር እያንኳኳ፣ «ምን ጎደለ? ስለ ምን ልለምንልህ?» ይላል። ክርስቲያኑ የእስላሙን ዳቦ ጋጋሪ የጉልበት ሕመም ያውቃል፤ ዳቦ ጋጋሪውም የክርስቲያኑን ልጅ የፈተና ቀን አይረሳም። ከሩቅ አገር የመጡ የቤት ሠራተኞች በራፍ ላይ ተቀምጠው ከእናቶቻቸው ጋር በስልክ ይጫወታሉ፤ በር የሚቆልፍባቸው የለም።

«ይህን ሁሉ ያደረገው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ጸሎት ነው። ግን እዚህ ሳይጠይቅ የሚጸልይ የለም።»

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርሱ ሽማግሌው ቅርጫቱን አውርዶ በሩ ላይ ቆመ። «እዚህ የሚገባ ሁሉ የሚጸልይለትን የአንድ የከተማይቱን ነዋሪ ስም ይጠራል። አንተስ?»

ስም በመጥራትማ መሪጌታን ማን ይችላቸዋል! ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ማርቆስ፣ አትናቴዎስ፣ ቄርሎስ…» ብለው የጥንቶቹን የእስክንድርያ አባቶች መጥራት ጀመሩ።

«እነሱማ ላንተ ይጸልያሉ! በሕይወት ያለ ሰው አልኩህ።»

«ዲዮስቆሮስ…»

«ወይ አንተ ሰው! ዛሬ ምሳውን የበላ ሰው ጥራልኝ! ያንተስ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።»

አምስት ቀን ሙሉ ከጮኹላት ከተማ አንድ ሕያው ሰው አጡ። በመጨረሻ ትብለጥ ትዝ አለቻቸውና፣ «አለች! ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች!» አሉ።

«ስሟ ማን ነው?»

«አላውቀውም።»

«እናቷ ልትነግርህ ተነሥታ አልነበረም?» አለና በሩን በፊታቸው ዘጋው።

ሲነቁ ፀሐይ ወጥታለች። ያዩትን ለምእመኑ ሁሉ ሊናገሩ ቆርጠዋል፤ አስቀድሞ ግን አንድ ጉዳይ ነበራቸው። ጫማቸውን ግራና ቀኙን አዟውረው አጥልቀው ሄዱና የትብለጥን በር አንኳኩ።

«መሪጌታ! ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አለች ደንግጣ።

«ያጠፋሁስ እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። የልጅዎ የክርስትና ስም ማን ነው?»

በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች። «ወለተ ሐና። ከሄደች ወዲህ ስሟን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

በስድስተኛው ቀን ምህላ መሪጌታ ሕልማቸውን ነውራቸውን ሳይደብቁ ተናገሩ። ከዚያ እስክንድርያን ከመጥራታቸው በፊት፣ «ስለ ወለተ ሐና» አሉ። የሚያዛጋ አልነበረም። ከኋላ አንድ ሰው ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ ተነሣና፣ «መሪጌታ፣ የኔም እኅት እዚያው ናት» አለ።