ለወጨጫ ያደገችው ጆፌ

ዳኛቸው በአንድ የከብት ሕክምና ጣቢያ ረዳት ነበር። በ1969 ዓ.ም. አብሮት የሚሠራ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ከሰሜን ተራሮች የጆፌ አሞራ ጫጩት አምጥቶ ሰጠው። ወጨጫ ተራራ ላይ የነበሩትን ጆፌዎች ለጅብ የተጣለ መርዝ ፈጅቷቸዋል። ይህችን አሳድገው እዚያው ሊለቋት ነበር ሐሳባቸው። ባለሙያው ግን በሦስተኛው ወር ከአገር እንዲወጣ ታዘዘ። ጫጩቷም ቀራንዮ፣ ዳኛቸው ግቢ ውስጥ ቀረች።

ሚስቱ ፀዳለ መጀመሪያ ተጸይፋት ነበር። በኋላ ግን የጆፌ ምግብ የሆነውን አጥንት በመጥረቢያ እየሰባበረች የምታጎርሳት እሷው ሆነች።

የካቲት ላይ አሞራዋን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ወጨጫ ወጡና ገደሉ አፋፍ ላይ ለቀቋት። ትንሽ በርራ አንድ ቋጥኝ ላይ አረፈች። ራሷን ችላ ምግብ ማግኘት እስክትለምድ ሁለት ወር ያህል አጥንት ሊወሰድላት ይገባል። ዳኛቸው ከአሥራ ስምንት ማዞሪያው ሥጋ ሻጭ ከሀምዱ አጥንት እየለመነ በየሦስት ቀኑ ይወጣ ጀመር።

በስድስተኛው ጉዞ አብዮት ጠባቂዎች የአጥንቱን ጆንያ እንደተሸከመ ያዙት።

ፀዳለ ቀበሌ ሄዳ ሊቀመንበሩን ጓድ ተክለማርያምን ለመነች።

«ለአሞራ ነው፣ ጓድ። ለሌላ ለማንም አይደለም።»

«ሕዝብ ዳቦ ተሰልፎ እያደረ ሰው ለአሞራ ቀለብ ይዞ ተራራ ይወጣል?» አላት። «ጫካ ያሉትን ፀረ አብዮተኞች ነው የሚመግበው። እስኪጣራ ይቆያል።»

በማግስቱ አጥንት ይዛ ብትሄድ ጠባቂዎቹ ቀምተው መለሷት። ደግማም ሞከረች፤ አላሳለፏትም። ዳኛቸው በተያዘ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከእንጨት ለቃሚ ሴቶች ጋር ተቀላቅላ፣ አጥንቱን ከነጠላዋ ሥር ወገቧ ላይ አስራ አለፈች።

አሞራዋ ዳኛቸው አጥንት የሚያስቀምጥበት ድንጋይ አጠገብ ተኝታ ነበር። ስታያት አንገቷን ቀና ለማድረግ ሞከረች። ፀዳለ አጥንቱን በድንጋይ ቀጥቅጣ መቅኑን በጣቷ አፏ ውስጥ አደረገችላት። አልዋጠችውም። ከሰዓት በኋላ እቅፏ ውስጥ ሞተች። በእጇ አፈር ቆፍራ ቀበረቻት።

ከሁለት ቀን በኋላ እስር ቤት ስንቅ ስታደርስ ዳኛቸው ከሽቦው ማዶ ጮኸ።

«ፀዱ! እየበላች ነው?»

«እየበላች ነው» አለችው።

«በረረች?»

«በረረች።»

ፊቱ ሲፈካ አየች። ከዚያ ወዲህ በመጣች ቁጥር ይጠይቃታል፤ እሷም ዛሬ ከፍ ብላ በረረች፣ ዛሬ አጥንቱን ከላይ ቋጥኝ ላይ ጥላ ሰበረችው ትለዋለች።

ሰኔ ላይ ተፈታ። ከሥራው ተባሮ፣ ከስቶ መጣ። በማግስቱ ማለዳ ጆንያውን አንሥቶ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመችበት።

«አትሂድ፣ ዳኜ።»

«ለምን?»

«እዚያው ቀብሬያታለሁ።»

«መቼ?»

«መጀመሪያ ስትጠይቀኝ ሞታ ነበር።»

ደፉ ላይ ቁጭ አለ። ጆንያውን እግሩ ሥር ጣለና፣ «እዚያ ውስጥ በሌላ በምንም አልነበረም የቆየሁት» አላት።

«አውቃለሁ» አለች ፀዳለ።

እጁን ልትይዘው ብትሞክር ቀስ ብሎ አስለቀቃት። ያን ክረምት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ፣ ከሚያስፈልግ ነገር በቀር አላናገራትም።